ወይንና ሆታ በጥንታዊ የግሪክ ኮሜዲ

ኮሜዲ ከመጠጥ ጋር ያለው ዝምድና ከስሙ ይጀምራል። ግብዣ ላይ ሲጠጡ ያመሹ ግሪኮች የአበባ ጉንጉን እንደደፉ፣ ችቦ ይዘው እየዘፈኑ መንገድ ይወጣሉ። የሰው በር ያንኳኳሉ። ይህን ሆታ «ኮሞስ» ይሉታል። «ኮሞዲያ» የኮሞስ ዘፈን ማለት ነው። ቃሉን «ኮሜ» ከሚለው፣ መንደር ከሚል ስም የሚያመጡ እንደነበሩም አርስቶትል ጽፏል። ያም ሆነ ይህ፣ አቴንስ ውስጥ ኮሜዲዎቹ የሚወዳደሩት በወይን አምላክ በዲዮኒሶስ በዓላት ነበር፦ ጥር አካባቢ በሌናያ፣ መጋቢት አካባቢ ደግሞ በታላቁ ዲዮኒሲያ።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ግብዣ «ሲምፖዚዮን» ይባላል፤ አብሮ መጠጣት ነው ትርጉሙ። ወንዶች በግራ ክርናቸው ተደግፈው አልጋ ላይ ጋደም ይላሉ። የቤቱ እመቤት አትታደምም፤ ዋሽንት የሚነፉ ሴቶች ግን ተከፍሏቸው ይመጣሉ። ወይኑ ክራተር በሚባል ትልቅ ጋን በውሃ ተበርዞ ይቀዳል። ሳይበረዝ መጠጣት ነውር ነው። እንግዶቹ ተራ በተራ ይዘፍናሉ። የጽዋቸውን አተላ እየወረወሩ ዒላማ የሚመቱበት ኮታቦስ የሚባል ጨዋታም አለ።

ይህን ሥርዓት እንደ አቴናዊው የኮሜዲ ጸሐፊ እንደ አሪስቶፋነስ «ተርቦች» ገላልጦ ያሳየ ኮሜዲ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ተውኔቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ422 የቀረበ ነው። አንድ ልጅ በፍርድ ቤት ሱስ የተለከፈ አባቱን ለግብዣ ያሠለጥናል። ጉልበትህን ዘርጋ፣ ምንጣፉ ላይ ለስለስ ብለህ ተጋደም፣ የነሐሱን ዕቃ አድንቅ፣ ጣሪያውን ተመልከት ይለዋል። ሽማግሌው ይፈራል። መጠጥ በር መስበር፣ መማታትና ድንጋይ መወርወር ያመጣል፣ ከዚያ ራስህን እያመመህ ካሳ ትከፍላለህ ባይ ነው። ልጁ ግን ከጨዋዎች ጋር ከጠጣህ አንድ የኤዞፕ ተረት ጣል አድርገህ ነገሩን በሳቅ ታሳልፈዋለህ ብሎ ያደፋፍረዋል። አባትየው ሄዶ ጥንብዝ ብሎ ይሰክራል። ዋሽንት ነፊዋን ሰርቆ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ጠብ ያለሽ በዳቦ ይላል። ዳቦ ሻጯ በችቦው ዳቦዋን በተነብኝ ብላ ስትከሰው ያቺን የተማራትን ዘዴ ያወጣል፤ የሚነግራት የኤዞፕ ተረት ግን ስለ አንዲት ሰካራም ውሻ ነው። ሴትዮዋ የባሰ ትናደዳለች። የጨዋ ወግ በአንድ ቀን ሥልጠና እንደማይገባ ይህ ትዕይንት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ከ«ተርቦች» ሦስት ዓመት ቀድሞ በቀረበው የአሪስቶፋነስ «አካርናውያን» ወይን ሌላ ክብደት አለው። አቴንስና ስፓርታ ጦርነት ላይ ናቸው። ዲካዮፖሊስ የሚባል ገበሬ ጦርነቱ ሰልችቶት ለብቻው ሰላም ይገዛል። ግሪክኛው ላይ ለአማልክት የሚፈስሰው ወይንና የሰላም ውል አንድ ቃል ናቸው፦ «ስፖንዳይ»። ስለዚህ ውሉ የሚመጣለት በወይን መልክ ነው፤ ገበሬው ይቀምሳል። የ5 ዓመቱ ዝፍትና የጦር መርከብ ዝግጅት ይሸተዋል። የ10 ዓመቱም አይጥመውም። የ30 ዓመቱን ግን የአማልክት መጠጥ ነው ብሎ ይጨልጠዋል። መጨረሻ ላይ ሁለት ሰዎች ተደግፈው ይገባሉ። አንደኛው ቆስሎ የመጣው የጦር አዛዥ ላማኮስ ነው። ሌላው በበዓሉ የመጠጥ ውድድር ማሰሮውን ቀድሞ የጨለጠ፣ ሁለት ሴቶች የደገፉት ዲካዮፖሊስ ነው። አንዱ በቁስል ይጮኻል፣ አንዱ በደስታ። ሰላም ምን እንደሆነ ከዚህ አጥርቶ የሚያሳይ ትዕይንት አላውቅም።

ጸሐፊዎቹ ራሳቸውም የመጠጡ ወሬ አካል ነበሩ። አሪስቶፋነስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ424 አንጋፋውን የኮሜዲ ጸሐፊ ክራቲኖስን ያለፈበት ሰካራም አድርጎ ተሳለቀበት። ሽማግሌው በዓመቱ «የወይን ማሰሮ» የሚል ተውኔት ይዞ መጣ። በዚህ ሥራ ኮሜዲ የክራቲኖስ ሚስት ናት፤ ስካር የምትባል ሴት ባሌን ቀማችኝ ብላ ትከሳለች። ክራቲኖስ አንደኛ ወጣ። የአሪስቶፋነስ «ደመናዎች» ሦስተኛ ሆነ።

ሴቶቹም አልቀሩም። በ411 በቀረበችው የአሪስቶፋነስ «ሊሲስትራታ» ሴቶቹ ከባሎቻቸው ላለመተኛት የሚምሉት በወይን ጽዋ ላይ ነው። ወይኑ ላይ ውሃ ላለመጨመርም አብረው ይምላሉ።

በቀጣዩ መቶ ዓመት ኤውቡሎስ የሚባል ጸሐፊ ዲዮኒሶስን ራሱን ክራተር አስቆጠረው። የመጀመሪያው ለጤና፣ ሁለተኛው ለፍቅርና ለደስታ፣ ሦስተኛው ለእንቅልፍ። ብልህ እንግዳ እዚህ ላይ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አራተኛው የጥጋብ፣ አምስተኛው የጩኸት፣ ስድስተኛው የኮሞስ ነው። ሰባተኛው ዓይን ያበልዛል፣ ስምንተኛው ክስ ያስከትላል፣ ዘጠነኛው ሐሞት ያስተፋል። አሥረኛው ያሳብዳል።

ከእነዚህ በኋላ የመጣው የኮሜዲ ጸሐፊ ሜናንድሮስ ዘንድ ሲደርስ ሆታው ለስላሳ ይሆናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ316 አንደኛ የወጣው «ዲስኮሎስ» (ነጭናጫው) ተውኔቱ ለረጅም ዘመን ጠፍቶ ቆይቶ ከፓፒረስ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1958 ታትሟል። ክኔሞን ሰው የሚጠላ ሽማግሌ ነው። የልጁ ሰርግ ሲደምቅ እሱ ከጉድጓድ ወድቆ ተጎድቶ ብቻውን ተኝቷል። አንድ ወጥ ሠሪና አንድ ባሪያ አላስተኛ ይሉታል። ድስት አበድረን፣ ምንጣፍ አበድረን እያሉ በሩን ይደበድባሉ። በመጨረሻ ሽማግሌው እየተነጫነጨ እሺ ይላል፤ ተሸክመው ወደ ጭፈራው ያስገቡታል።