ስለ ሃድሊ ግንብ ሥዕል በስህተት የሚባሉ ነገሮች

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ኮንስታብል «የሃድሊ ግንብ»ን ለሕዝብ ያሳየው በ1829 (እ.ኤ.አ.) ነው። የተሰነጠቀ ማማ፣ እረኛ ከነውሻው፣ ወደ ባሕር የሚገባው የቴምዝ ወንዝ፣ ገና ያልበረደ ሰማይ። በጣም የምወደው ሥዕል ስለሆነ፣ ሲሳሳቱበት ዝም ማለት አልችልም።

«ሮማንቲክ ከሆነ የፍቅር ሥዕል ነው።» ሮማንቲክ ሲባል ሻማና አበባ ነው ትዝ የሚለን። እዚህ ግን ቃሉ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፓ የተስፋፋ የጥበብ ንቅናቄ ስም ነው። ስሜትንና የተፈጥሮን ኃይል ያስቀድማል። ፍርስራሽና ማዕበል የበዛበትም ለዚህ ነው።

«ግንቡን ጦርነት አፈረሰው።» አይደለም። በ1551 ሎርድ ሪች የሚባል ባላባት ገዛውና ለድንጋዩ ሲል አፈረሰው። የቀረውን ደግሞ ከሥሩ ያለው የሸክላ አፈር እየተንሸራተተ ጣለው።

«ቦታው ላይ ቆሞ ነው የሳለው።» ይሄኛው በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የሥዕሉን ታሪክ በሙሉ ያስረሳል። ኮንስታብል ግንቡ ወዳለበት የእንግሊዝ ክፍለ ሀገር ኤሴክስ ሄዶ ፍርስራሹን ያየው በ1814 ነው፤ በእርሳስ ትንሽ ንድፍ አነሳ፣ ስለ ቦታውም ለሚወዳት ለማሪያ ጻፈላት። ያኔ ገና አልተጋቡም፣ ቤተሰቧም እሱን አልፈለገውም ነበር። በ1816 ተጋቡ። በኅዳር 1828 ማሪያ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች፣ ሰባት ልጆች ጥላበት። ያን የድሮ ንድፍ አውጥቶ ትልቁን ሥዕል የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ ያ የተሰነጠቀ ማማ ለእሱ ዝም ብሎ ጌጥ ነበር ማለት ይቻላል? እኔ አይመስለኝም።

«ቀለሙ ሻካራ ነው፣ አላለቀም።» አልቋል። ለንደን ቴት ሙዚየም ያለው በዚሁ መጠን የተሠራ መሞከሪያ ነው፣ ያለቀው አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ሻካራነቱን አውቆ ነው የተወው፤ እርጥበቱና ነፋሱ እንዲታይ።

«ጨለማና ተስፋ መቁረጥ ብቻ ነው።» ሐዘን አለበት፣ አልክድም። ግን ለኤግዚቢሽን ሲያቀርበው ከግንቡ ስም ሥር «የቴምዝ አፍ፣ ከማዕበል ሌሊት በኋላ ማለዳ» የሚል ጨምሮበታል። ከማማው ዓይናችሁን አንሱና ወደ ባሕሩ ተመልከቱ፤ ደመናውን ቀዶ ብርሃን ውሃው ላይ እየወረደ ነው።