ቨርጂኒያ የምትኖረው በመንግሥት ሥራ ብቻ አይደለም

አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ የምንኖር አበሾች ስለ ቨርጂኒያ ስናወራ የዲሲ ጎረቤት ከመሆኗ ብዙም አናልፍም። ይሄ ግምት ሥራ የሚፈልገውን ሰው፣ በተለይ ወጣቱን፣ ስለሚጎዳ ዝም ማለት አልቻልኩም። የምንሰማቸውን አራት አባባሎች አንድ በአንድ ልያቸው።

«ኢኮኖሚው የፌዴራል መንግሥት ብቻ ነው።» ፔንታጎን አርሊንግተን ነው፣ የመንግሥት ገንዘብም ብዙ ቤት ያኖራል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል እዩ። ኒውፖርት ኒውስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1886 የተመሠረተ የመርከብ መሥሪያ አለ። የአሜሪካን ኑክሌር አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች የሚሠራ ሌላ ቦታ የለም። ሠራተኞቹ ከ20,000 በላይ ናቸው። አጠገቡ ኖርፎክ ላይ በዓለም ትልቁ የባሕር ኃይል ሰፈር አለ፣ ወደቡ አለ፣ ጥገና የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ፣ አንዱ ሌላውን እየሳበ እዚያው ተከማችተዋል። ክላስተር የሚሉት ይሄንን ነው። መርከብ መሥሪያው ከ1919 ጀምሮ የራሱ የሙያ ትምህርት ቤት አለው፤ ተማሪው የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም፣ እንዲያውም እየሠራ ደመወዝ ያገኛል። ልጆቻችንን «ኮሌጅ፣ ኮሌጅ» ስንል ይሄን በር ስንቶቻችን ነገርናቸው?

«አሽበርን በዳታ ሴንተር ስለተሞላች ሥራው አያልቅም።» እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ዳታ ሴንተር ማለት መረጃ የሚያከማቹ ኮምፒውተሮች (ሰርቨሮች) የሞሉበት ሕንፃ ነው፤ አሽበርንም ላውደን ካውንቲ ውስጥ ናት። የግዛቷ ምክር ቤት አጥኚ አካል በ2024 እንዳወጣው፣ አንድ መካከለኛ ዳታ ሴንተር ሥራ ከጀመረ በኋላ የሚይዘው 50 ሰው ገደማ ነው። ግንባታው ሲጧጧፍ ግን ወደ 1,500 ይደርሳል። ስለዚህ ብዙው እንጀራ ያለው ኤሌክትሪሺያኑ፣ ቧንቧ ሠራተኛውና የማቀዝቀዣ ባለሙያው ጋ ነው። ሌላው ትልቅ ጥቅም ግብር ነው፤ ላውደን ካውንቲ ከነዚህ ሕንፃዎች የሚሰበስበው ገንዘብ የነዋሪውን የቤት ግብር ያቀልለታል።

«ያ ሁሉ ሰርቨር እዚያ የሄደው መሬት ስላለ ነው።» መሬትማ የትም አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኢንተርኔት ኔትወርኮች የሚገናኙበት ጣቢያ በሰሜን ቨርጂኒያ ተከፈተ፣ የኢንተርኔት መስመሩ (ፋይበሩ) ቀድሞ ተዘረጋ፣ በኋላም ግዛቷ ለመሣሪያዎቹ የሽያጭ ታክስ ማረች።

«ግብርና ድሮ ቀረ።» አልቀረም። የግዛቷ ግብርና መሥሪያ ቤት እንደሚለው ትልቁ የግል ኢንዱስትሪ አሁንም ግብርና ነው፣ ቀዳሚው ምርት ደግሞ ትምባሆ ሳይሆን ዶሮ። ሃሪሰንበርግ ዙሪያ አርቢው፣ መኖ አምራቹና ማረጃው አንድ ሸለቆ ውስጥ ናቸው። ከዲሲ ሁለት ሰዓት ያህል ብትነዱ ትደርሳላችሁ።