ፈረንሳይ ሬስቶራንት ሲበሉ ቲፕ ግዴታ ነው?

አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ከ1987 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምግብ ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ታክሱንም የአገልግሎት ክፍያውንም ያካተተ እንዲሆን ደንቡ ያስገድዳል። ሂሳቡ ላይ «ሰርቪስ ኮምፕሪ» (አገልግሎት ተካቷል) የሚል ጽሑፍ፣ አንዳንዴም 15 በመቶ የሚል ቁጥር ያያሉ። ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩን አይቶ እንደገና ይደምረዋል። ያ 15 በመቶ ግን ከበሉት ምግብ ዋጋ ውስጥ አስቀድሞ የገባ ነው። የሚከፍሉት ከታች ያለውን ጠቅላላ ድምር ብቻ ነው።

መስተንግዶው ካስደሰተዎት ጥቂት ዩሮ ጠረጴዛው ላይ መተው ደስ የሚል ልማድ ነው። ባይተዉም ማንም አይቀየምም፤ አስተናጋጁ ደመወዝተኛ ነው።

ሁለተኛው ግራ የሚያጋባ ነገር ውሃ ነው። ዝም ብለው «ውሃ» ካሉ ጋዝ ያለው ወይስ የሌለው ተብለው ይጠየቃሉ፤ ሁለቱም የታሸጉና የሚከፈልባቸው ናቸው። «ካራፍ ዶ» ካሉ ግን የቧንቧ ውሃ በማሰሮ ይቀርብልዎታል፣ በነጻ። ከምግቡ ጋር የሚመጣው ዳቦም አይከፈልበትም። ከ2022 ጀምሮ ሬስቶራንቶች ነጻ ውሃ መጠየቅ እንደሚቻል በግልጽ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው፤ ስለዚህ ሳይሳቀቁ ይጠይቁ።

በዚህ የሚተርፈውን ገንዘብ እኔ ብሆን አይብ ላይ አውለዋለሁ። አይብ የሚቀርበው ከዋናው ምግብ በኋላ፣ ከጣፋጩ በፊት ነው፤ ለእኔ የፈረንሳይ ማዕድ ትልቁ ደስታ እሱ ነው።