“ጤነኛ ኤሊ ምን ታመጣለች?”

አሜሪካ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ያውቀዋል፤ አንድ ቀን ልጁ “ኤሊ ግዙልኝ” ብሎ ሙጭጭ ይላል። ወላጅም ከውሻ ትሻላለች ብሎ እሺ ይላል። አትጮህም፣ ሽርሽር ውሰዱኝ አትልም። ግን ስለ ኤሊ፣ ስለ እንሽላሊትና ስለ እባብ የሚወራው ሁሉ እውነት አይደለም።

“ካልታመመች በሽታ የለባትም።” ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ እነሱን ምንም ሳያደርግ አንጀታቸው ውስጥ ይኖራል። ከኩሳቸው ጋር የሚወጣው ደግሞ አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ዛሬ ምርመራው “የለባትም” ቢል ለነገ ዋስትና አይሆንም። አንቲባዮቲክም አያጠራትም፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለማመዳል እንጂ።

“ትንሿ ምንም አታደርግም።” የባሰችው እሷ ናት። ሕፃን አፉ ውስጥ ይከታታል። አሜሪካ በ1975 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቅርፊቷ ከ10 ሴንቲሜትር ገደማ የሚያንስ ኤሊ ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጥ የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬም ግን መንገድ ዳር ይቸበቸባል። በ2007 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የአራት ሳምንት ጨቅላ ከትንሽ ኤሊ ጋር በተያያዘ ሳልሞኔላ ሞቷል።

“ካልነካናት በሽታው አይይዘንም።” እስቲ አስቡት። አባት የኤሊዋን ውኃ ወጥ ቤት ሲንክ ላይ ይደፋል። ውኃው ይረጭና ስፖንጁ ላይ ያርፋል። ማታ እናት በዚያው ስፖንጅ የሕፃኑን ጡጦ ታጥባለች። ሕፃኑ ኤሊዋን አይቷትም አያውቅ። ገንዳውን ደጅ እጠቡ፤ ከነካካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የእጅ ማጽጃ ጄል ውኃና ሳሙና በሌለበት ነው። ለእባብ የሚሰጥ በረዶ የሆነ አይጥም ያው ነው፤ ቅዝቃዜ ሳልሞኔላን አይገድለውም።

“ሳልሞኔላ ማለት ታይፎይድ ነው።” አገር ቤት ታይፎይድ ስላስመረረን ነው መሰለኝ የምናምታታው። ዘራቸው አንድ ነው፤ የታይፎይዱ ግን ከሰው ወደ ሰው እንጂ ከኤሊ አይመጣም። ከኤሊ የሚያዘው ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ያመጣል። አብዛኛው ሰው በሳምንት ውስጥ ይድናል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ አረጋውያንና የሰውነት መከላከያቸው የደከመ ግን ይከፋባቸዋል፤ ባክቴሪያው ደም ውስጥ ሊገባ፣ ማጅራት ገትርም ሊያመጣ ይችላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ጨቅላ ያለበት ቤት ኤሊዋ ትቅር። ቤታችሁ ካለችና ልጅ ካተኮሰው፣ ሐኪሙ ባይጠይቅም ንገሩት።