«ቻይንኛ የሰው ልጅ አይማረውም» እና ሌሎች ደብረ ብርሃን ላይ የምንሰማቸው የቋንቋ ወሬዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቋንቋ መማር እየፈለገ ያልጀመረ ተማሪ ሞልቷል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ብር አይደለም። ከሰው አፍ የሰማው ነገር ነው። ሻይ ቤት፣ ዶርም፣ ላይብረሪ በር ላይ ደጋግሜ የሰማኋቸውን እነሆ። ግማሾቹን እኔም አምኜባቸው ነበር።

«የቋንቋ ክበብ የቋንቋ ክፍል ተማሪዎች ነገር ነው»

ሰሌዳ ላይ የውይይት ክበብ ጥሪ ይለጠፋል። የሲቪል ምህንድስናው ልጅ ያነባል፣ «የእኛ አይደለም» ይላል፣ ያልፋል። ክበብ ግን ክሬዲት የለውም፣ ውጤት አይያዝበትም። ዲፓርትመንትህን የሚጠይቅህ ማነው? እንዲያውም የሚጣፍጠው የተለያየ ሰው ሲገባበት ነው። የሕግ ተማሪው መከራከር ይፈልጋል፤ የነርሲንግ ተማሪዋ የሆድ ቁርጠትን ማስረዳት ትፈልጋለች።

ክበብ ከሌለ ሦስት ሰው ይበቃል። ሰበብ ለሚፈልግ ደግሞ ካላንደሩ ሙሉ ነው። የአረብኛ ቀን ታኅሣሥ 9፣ የፈረንሳይኛ መጋቢት 11፣ የቻይንኛ ሚያዝያ 12፣ የስዋሂሊ ሰኔ 30 አካባቢ ይውላል። የአውሮፓ ቋንቋዎች ቀን ሴፕቴምበር 26 ነው። እሱን ግን ተዉት፤ ለእኛ ብዙውን ጊዜ የደመራ ዕለት ነው፣ ማንም አይመጣላችሁም።

«ቻይንኛ የሰው ልጅ አይማረውም»

ይህን የሚለው ሰው ፊደሉን አይቶ ነው። ፊደሉ ከባድ ነው፣ አልዋሽም። ሰዋስዉን ግን እዩት። እኛ «በላሁ፣ በላህ፣ በላሽ፣ በላች፣ በላችሁ» እያልን ግሱን እንደ ሊጥ እናሸዋለን። ቻይንኛ ላይ «ዎ ቺ፣ ኒ ቺ፣ ታ ቺ» ነው። እኔ፣ አንተ፣ እሱ ይቀያየራሉ እንጂ «ቺ» ንቅንቅ አትልም። አንተም አንቺም «ኒ» ናችሁ። እሱም እሷም ሲነገሩ «ታ» ናቸው። አማርኛ የሚማር ቻይናዊ ቢሰማን ምን ያህል እንደሚቀናብን አስቡት፤ ይቅርታ፣ እንደሚያዝንልን።

«ዜማውስ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ «ማ» የምትባል ድምፅ እንደ ዜማዋ እናትም፣ ፈረስም፣ ስድብም ትሆናለች። እስቲ እናንተ ደግሞ «ገና» የሚለውን አንብቡልኝ። በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም»? «አለ»ስ? ተናገረ ነው ወይስ እዚህ አለ? ማጥበቅና ማላላት ከዜማ ጋር አንድ አይደለም። ግን ፊደል ላይ ያልተጻፈች ትንሽ ልዩነት ትርጉም እንደምትገለብጥ ጆሯችን ድሮ ያውቃል። ይህ ቀላል ስንቅ አይደለም።

«ሦስት ወር ይበቃል»

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ለሥራ በሚያበቃ ደረጃ አማርኛ ለማስተማር 44 ሳምንት፣ ወደ 1100 የክፍል ሰዓት ይመድባል። ለቻይንኛና ለአረብኛ እጥፉን፣ 88 ሳምንት። ሂሳቡ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። ለእኛ አረብኛ ያን ያህል ባዕድ አይደለም፤ ቤት «በይት»፣ ዓይን «ዐይን»፣ ራስ «ረእስ» የሚል ቋንቋ የሥጋ ዘመድ ነው።

እኔ አንድ ጊዜ የሦስት ወር ኮርስ ከፍዬ ሰላምታና ቁጥር ብቻ ይዤ ወጣሁ። ጭንቅላቴን ወቀስኩ። ኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ሲደመር 50 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ያውም ብርድ ሆኖብኝ የቀረሁባቸውን ሳልቀንስ።

«ከአዲስ አበባ ውጭ አይሆንም»

የጀርመንኛው ጎተ ኢንስቲትዩትም የፈረንሳይኛው አሊያንስም 130 ኪሎ ሜትር ርቀው አዲስ አበባ ናቸው። ለፈተና መሄድ ግድ ይል ይሆናል፤ ለመማር ግን አይደለም። የአማርኛ ዜናውን የምንሰማው ዶይቸ ቬለ ጀርመንኛን ከጀማሪው ኤ1 እስከ መካከለኛው ቢ1 ደረጃ ድረስ በኢንተርኔት በነፃ ያስተምራል። ኔትወርኩ? እሱ የሌላ ቀን ወሬ ነው።

«ሰርተፍኬት ያው ሰርተፍኬት ነው»

አይደለም። የተሳትፎ ወረቀት ሌላ፣ የደረጃ ፈተና ሌላ። የፈረንሳይኛው ዴልፍ አንዴ ካለፉት ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የእንግሊዝኛዎቹ የአይኤልቲኤስና የቶፍል ውጤት ግን የሚቆየው ሁለት ዓመት ነው። የምታመለክቱበት ሳይታወቅ ቸኩላችሁ አትፈተኑ።

«ዕድሜዬ አለፈ»

ይህን የ24 ዓመት ልጅ ሲለኝ አንኮበርን አሳየዋለሁ። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ1839 እ.ኤ.አ. ሸዋ ሲገባ 29 ዓመቱ ነበር። እዚሁ ሆኖ አፋን ኦሮሞ ተማረ። በዓመቱ የቋንቋውን ሰዋስው የሚያሳይ መጽሐፉ ለንደን ላይ ታተመ። ከዚያ ሞምባሳ ወርዶ ስዋሂሊን ጀመረ፤ የስዋሂሊ ሰዋስዉን ሲያሳትም 1850 ላይ 40 ደርሷል። አፕ አልነበረውም። የሚያናግረው ሰው ግን ነበረው።

«ዘመናዊ ቋንቋ ማለት የፈረንጅ ነው»

ክራፕፍ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ የተማረውን አፋን ኦሮሞ እኛ ጎረቤት ሆነን አንማረውም። ገበያ ስትወጡ ገብስ ሻጩን ስሙት። ከመንዲዳ በኩል የመጡትን እናት «አካም ቡልተኒ» (እንደምን አደሩ) ብሎ ይጀምራል፣ ለእኔ ዞሮ በአማርኛ ዋጋ ይጨምርብኛል። ማንም «ሁለት ቋንቋ ይችላል» ብሎ አያደንቀውም።

አንድ የማውቀው ተማሪ ለጀርመንኛ ብር ሲያጠራቅም ከርሞ፣ የዶርም ጓደኛው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ መሆኑ ትዝ ያለው ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። ቁርስ ላይ ልምምድ ጀመሩ። በአፋን ኦሮሞ አጠር ያለው «ለፈ» መሬት ነው፤ አናባቢው ሲሳብ «ላፋ» ለስላሳ ይሆናል። ልጁ ዳቦው ለስላሳ ነው ሊል ፈልጎ ቃሏን ቆረጣት። ጓደኛው ዳቦውን አንስቶ ገለበጠና ከሥሩ አየው። «ስንት ሄክታር ይሆናል?» አለው።