የደረጃ ሰነዶችና የነፃ ሶፍትዌር የቅጂ መብት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሥራ አንጻር

በአንድ የቴክኒክ ደረጃ መሥራትና የደረጃውን ሰነድ መቅዳት በሕግ ዓይን ይለያያሉ። በኮምቦልቻ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን የሚሠራ ተማሪም ሆነ ደሴ ላይ ሶፍትዌር የሚያለማ ባለሙያ ሁለቱን ሲያምታታ ይታያል። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብንና የአሠራር ዘዴን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የተጻፈውን ሥራ ነው፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ጨምሮ። ስለዚህ ድረ ገጾች በሚተላለፉበት በኤችቲቲፒ ደረጃ የሚሠራ ፕሮግራም ከባዶ ለመጻፍ ከቅጂ መብት አንጻር የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። የሰነዱን ጽሑፍ ወደ መመሪያ መገልበጥ ግን ፈቃዱን ማንበብ ይጠይቃል።

የኢንተርኔት ደረጃዎች የሚወጡባቸው አርኤፍሲ የተባሉ ሰነዶች ያለክፍያ ይወርዳሉ፤ እንደፈለጉ ለውጦ ለማሠራጨት ነፃ ግን አይደሉም። ከ2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ በሚሠራበት ደንብ ሰነዱን ሳይለውጡ ማባዛትና ወደ አማርኛ መተርጎም ይቻላል። ጽሑፉን አሻሽሎ ማሠራጨት ከደረጃ አውጪው ሂደት ውጭ ክልክል ነው። በውስጡ ያለው ኮድ ቢኤስዲ በተባለው ልል ፈቃድ ስለሚለቀቅ መለወጥም መሸጥም ይፈቀዳል፣ የባለመብቱ ማስታወቂያ እስካልተነሣ ድረስ። ነፃ ሶፍትዌሮችን ሰብስቦ የሚያሠራጨው ዴቢያን አርኤፍሲዎችን ከዋናው ማከማቻ አውጥቶ «ነፃ ያልሆነ» በሚለው ክፍል ያኖራቸው በጽሑፉ ክልከላ ምክንያት ነው። ክልከላው እውነተኛው ደረጃ ከተለወጠው እንዳይደባለቅ ታስቦ ነው ይባላል፤ ይሁንና ለዚህ ስም ማስቀየር ይበቃ ነበር። አቢሲኒካን የመሰሉ የግዕዝ ፊደል ቅርጾች (ፎንቶች) የሚለቀቁበት ኦኤፍኤል የተባለው ፈቃድ ይህንኑ መንገድ ይከተላል፦ ቅርጹን ያሻሻለ ሰው የተጠበቀውን ስም ትቶ በሌላ ስም ያሠራጫል።

የዓለም አቀፉ ደረጃ አውጪ ድርጅት የአይኤስኦ ሰነዶች የሚሸጡ ናቸው። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ለአንድ ተጠቃሚ የገዛውን ፒዲኤፍ በፍላሽ ለሌሎች ማደል ፈቃዱን መጣስ ነው፤ ለብዙ ሰው የሚሆን ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል።

በኮድ በኩል አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከጥድፊያ ነው። ፋይሉ አናት ላይ ያለው የፈቃድ ማስታወቂያ ይቆረጣል፣ ኮዱ ከየት እንደመጣም አይመዘገብም። ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ በይፋ ስለተለጠፈ ብቻ ለመቅዳት የተፈቀደ አይሆንም። ጂፒኤል በተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ የተለቀቀ ፕሮግራምን ለደንበኛ የሚሰጥ ድርጅት ምንጭ ኮዱንም መስጠት አለበት፤ ገንዘብ መቀበሉ ግን አይከለከልም። ፈቃዶችን ማዳቀልም ወሰን አለው፦ አፓቼ 2.0 በተባለው ሌላ የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ የተለቀቀ ኮድ ከጂፒኤል 3 ጋር ይዋሃዳል፣ በጂፒኤል 2 ብቻ ከተለቀቀ ሥራ ጋር ግን አይዋሃድም። ይህ መታየት ያለበት ላይብረሪው (ከሌላ የሚወሰደው የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) ሲመረጥ ነው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ከተደረሰበት ያንን ክፍል እንደገና መጻፍ ግድ ይሆናል።