የአሸዋና የድንጋይ አደራደር በቤት ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም

የባሕር ዓሣ በቤቱ ማኖር የሚፈልግ ሰው ቀድሞ የሚታየው ዓሣው ነው። ዓሣው ግን የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ድንጋዩ ይገባል፣ ከዚያ አሸዋው። ሁለቱም ለዓይን ጌጥ ይመስላሉ። የውሃው ንጽሕና ግን በአብዛኛው የሚወሰነው በእነሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ አሞኒያ ያስወጣል፣ አሞኒያ ደግሞ መልሶ ዓሣውን ይመርዛል። በድንጋዩና በአሸዋው ገጽ ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ በጣም ወደሚቀንሰው ናይትሬት ይቀይሩታል። ኦክስጅን እምብዛም በማይደርስበት የድንጋዩ ሆድ ውስጥ ሌሎች ባክቴሪያዎች አሉ። እነሱ ናይትሬቱን ናይትሮጅን ጋዝ ያደርጉታል፣ ጋዙም ከውሃው ይወጣል። ጥሩ ድንጋይ ቀዳዳ የበዛበት፣ ሲያነሱት ከመጠኑ ይልቅ ቀለል የሚል የሆነው ለዚህ ነው።

የለንደን የእንስሳት ማቆያ እ.ኤ.አ. በ1853 የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ ከፍቷል። በቤት ውስጥ ላለው አደራደር ግን ትልቁ ምዕራፍ የተከፈተው እ.ኤ.አ. 1961 ላይ ነው። ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የኢንዶኔዥያ ዓሣ አርቢ ከባሕር የወጣ ሕይወት ያለበት ድንጋይ ገንዳው ውስጥ አስገብቶ፣ በአየር አረፋ ብቻ ውሃውን እያንቀሳቀሰ ዓሣና ኮራል (ከአለት ጋር ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ማኖር እንደሚቻል በጽሑፍ አስረዳ። በዚያ ዘመን ብዙ አርቢ ታጥቦ የነጣ የሞተ ኮራል ነበር የሚደረድረው። ይህን ያህል ትልቅ ሐሳብ ከአንድ አርቢ ገንዳ መውጣቱ በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሰው ሁሉ ያኮራል።

ቀጥሎ የበርሊን አርቢዎች መጡ። ብዙ ሕያው ድንጋይ፣ ጠንካራ መብራትና ፕሮቲን ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ ከውሃው የሚያወጣ መሣሪያ) አንድ ላይ አቀናጁ። አሠራሩ እስከ ዛሬ «የበርሊን ዘዴ» ይባላል፣ አብዛኛው የኮራል ገንዳም መሠረቱ እሱ ነው። በሞናኮ ተመራማሪው ዣን ዦበር ከወፍራም የአሸዋ ንጣፍ ሥር ባዶ የውሃ ክፍተት የሚተው ሌላ መንገድ ዘረጋ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር የሚደርስ የደቃቅ አሸዋ ንጣፍ አሜሪካ ውስጥ በጣም ተወደደ። «እንዲህ ያለው ንጣፍ ከዓመታት በኋላ ቆሻሻ አጠራቅሞ ገንዳውን ይበክላል» የሚሉ አሉ። በትልና በቀንድ አውጣ ከታገዘ ረጅም ዕድሜ አለው የሚሉም አሉ። ክርክሩ አልተቋጨም። ወለሉን ባዶ መተው የሚመርጡ ሰዎችም አሉ። ለጽዳት መቅለሉ እውነት ነው፣ ግን አሸዋ የሌለው ገንዳ ባሕር ባሕር አይልም።

ሕያው ድንጋይ ከባሕር ማውጣት ሪፉን (ኮራል የሠራውን የባሕር ውስጥ አለት) ስለሚጎዳ ዓለም አቀፍ ንግዱ ለአደጋ የተጋለጡ የዱር ዝርያዎችን ንግድ በሚመለከተው በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ሰው የሚጀምረው በደረቅ ድንጋይ ነው። ደረቅ ድንጋይ እንደ አይፕቴዥያ (ቶሎ የሚራባ፣ የሚናደፍ የባሕር እንስሳ) ያለ ተባይ ይዞ አይመጣም። ባክቴሪያው እስኪሰፍርበት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በቆየው ልማድ ለ100 ሊትር ውሃ ከ12 እስከ 24 ኪሎ ድንጋይ ይባል ነበር። አሁን ብዙዎች ከዚያ ባነሰ ይሠራሉ። ልክም ናቸው፣ ምክንያቱም ውሃ በመሃሉ የማያልፍበት የድንጋይ ክምር ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ይሆናል።

ድንጋዩ በአሸዋው ላይ ሳይሆን በቀጥታ በገንዳው ወለል ላይ ይቀመጥ። እዚህ ላይ ድርድር የለም። ጎቢ የተባለው ትንሽ ዓሣና ፒስቶል ሽሪምፕ የተባለው ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ ሌት ተቀን ይቆፍራሉ። ድንጋዩ የቆመው አሸዋ ላይ ከሆነ ሥሩን ይቦረቡሩታል፣ አንድ ሌሊት ክምሩ ይናዳል፣ ከዚያ ወይ ዓሣው ያልቃል ወይ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ትልቁን ድንጋይ ልክ እንደ ጉልቻ በሦስት ነጥብ አሳርፉት። በመዳፍ ገፋ አድርጋችሁ ሞክሩት። ከተወዛወዘ አንሱና አዙሩት። ሲረጋ በኢፖክሲ ማጣበቂያ ወይም በሱፐር ግሉ ጄል አያይዙት። ከመስታወቱ ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ራቅ ይበል፣ የማጽጃው ማግኔት የሚያልፍበት ቦታ ያስፈልጋል።

አሸዋው ብዙ ጊዜ አራጎናይት ነው፤ የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት ማለት ነው። ፒኤች (የውሃውን አሲድነት የሚያሳይ ልክ) ይጠብቃል ይባላል፣ ግን ይህ ሲጋነን ይሰማል። አራጎናይት በደንብ የሚሟሟው ፒኤቹ ከተለመደው የባሕር ውሃ መጠን ሲወርድ ነው። ለአብዛኛው ገንዳ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሆነ ቅንጣትና ከ2.5 እስከ 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ይበቃል። ከዚያ የደቀቀው ኃይለኛ ፓምፕ ሲነሳ ይበናል።

ደረቅ አሸዋ በባልዲ እያማሰሉ፣ ውሃው ወተት መምሰሉን እስኪተው ይታጠባል። በእርጥቡ ታሽጎ የሚመጣው «ሕያው አሸዋ» ግን አይታጠብም። ውሃ ስትሞሉ አሸዋው ላይ ሳህን አስቀምጡና ሳህኑ ላይ አፍስሱ፣ ጉድጓድ አይፈጠርም። አንድ ሁለት ቀን ቢደፈርስ አትደንግጡ።

ከዚያ መጠበቅ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። አሞኒያና ናይትራይት በምርመራ ዜሮ ሳይሆኑ ዓሣ አይግባ። በዚህ መሃል አሸዋው ላይ ቡናማ ሽፋን ይወጣል። ዳያተም የተባለ ደቃቅ አልጌ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ወራት ሲያልፉ ድንጋዩ ላይ ሮዝና ሐምራዊ ነጠብጣብ ይታያል። ኮራላይን አልጌ ይባላል። የመጀመሪያዋን ነጠብጣብ በአጉሊ መነጽር የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው፣ ደስታዋም እውነተኛ ናት።

አሸዋው በመስታወቱ በኩል ጠቁሮ ከታየ፣ ሲነካም የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ፣ ውስጡ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ አለ ማለት ነው። ዓመታት የቆየ ወፍራም ንጣፍ ዓሣ ባለበት በአንዴ አይገለበጥም። ዓሣው ወደ ሌላ ገንዳ ይዛወርና አሸዋው በትንሽ በትንሹ ይወጣል።